የአራሚው ጣት

ማትሪክ በፊዚክስ ስለወደቅሁ፣ በ1974 ዓ.ም. አሊዩ አምባ ተቀምጬ በተልዕኮ እማር ነበር። የሠራሁትን መልመጃ በፖስታ እልካለሁ፤ ታርሞ ሲመለስ ዳገቱን ወጥቼ ከጎረቤላ ከተማ ፖስታ ቤት እቀበላለሁ።

አራሚዬ ጎበዝ ነው፤ አንዲት የምልክት ስህተት አታመልጠውም። ግን ገጽ የሚገልጠው ጣቱን እየላሰ ነው። በየወረቀቱ ጥግ ቢጫ የምራቅ ክብ አለ። እሱስ ይሁን፤ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ የከረመ ምራቅ እንዴት አይደርቅም? ስነካው ይዝለገለጋል። የበሰበሰ ጥርስ ይሸታል።

እህቴ ኡሙሀኒ አንድ ቀን አየችውና ፊቷን አዞረች። "አስተግፊሩላህ! ይኼን በእጅህ ትነካዋለህ? በቃ ተወው!"

"ትቼው ዘንድሮም ልውደቅ?" አልኳት።

በሚቀጥለው መልመጃ ግርጌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "መምህር፣ እባክዎ ገጹን ሲገልጡ ጣትዎን አይላሱ።"

መልሱ በቀይ ቀለም መጣ፦ "ልክ ነህ። ከእንግዲህ በእኔ ጣት አይገለጥም።"

እውነትም የወረቀቱ ጥግ ደረቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ኡሙሀኒን ጠራኋት። መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"እስቲ ቀጣዩን ገጽ አሳየኝ" አለች፣ አሁንም አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ እንደያዘች።

ሁለቱም እጆቼ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አፌ አጠገብ አልደረሱም፤ እሷም እያየቻቸው ነው። ገጹን ልገልጥ ቀኝ እጄን አነሳሁ።

ኡሙሀኒ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

ሌባ ጣቴ እስከ አንጓው ርሷል። ለብ ይላል።