ልክ ሲወሰድ

ልብስ ሰፊው ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ተንበርክኮ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጣቶቹ ግን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ይጠቀልሉና ይፈቱ ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ከጌታ ጋር ሊሆን ለራሱ ቃል ከገባ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። «ጌታ ሆይ» ይልና የሙሽራው ሱሪ ዚፕ ትዝ ይለዋል። «ጌታ ሆይ» ይልና መቀሱን የት እንዳስቀመጠው ያስባል። የለመደውን ልመና አፉ ለብቻው ሲያነበንበው፣ ልቡ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ይዞራል። ጉልበቱን አመቻችቶ ስልኩን በአንድ ዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። ገና ስድስት ደቂቃ። በሩ ሲንኳኳ እንደ ተገላገለ ሰው «አሜን» ብሎ ብድግ አለ።

የመጡት ኮት ለማሰፋት ቀጠሮ የነበራቸው ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ሲዘረጋ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ደረታቸውን ሊለካ ሲል የልጃቸውን ወሬ ጀምረው እጃቸውን አወናጨፉ። ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት የተለያየ ቁጥር ጻፈ። ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባባ፣ እስቲ አንዴ ዝም ብለው ይቁሙልኝ። እየተቁነጠነጡ እንዴት አድርጌ ልክዎን ልውሰድ?»

ሽማግሌው ቀጥ አሉ፤ ትንፋሻቸውን እንኳ ያዙ። አሁን እጁ የቆመው ልብስ ሰፊው ነበር። ሜትሩን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብሎ አነሣና ወንበር ሳበላቸው።

«ይቅርታ አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ።»

«ምነው? ቆሜልህ የለም እንዴ?»

«እርስዎማ ቆሙ» አለ፣ መጋረጃውን እየገለጠ። «እኔ ነኝ ልኬ ሳይወሰድ ከተንበረከክኩበት የተነሣሁት።»