የናርዶስ ብርድ

በዚያ ዘመን ልጅ አይበርደውም ነበር፤ ብርዱን የሚሸከምለት ወላጁ ነው። የናርዶስን ብርድ የምትሸከመው እናቷ አስካለ ነበረች። ልጅቷ በደብረ ብርሃን ውርጭ በስስ ሸሚዝ ስትቦርቅ፣ አስካለ ልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ሁለት ካፖርት ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት እንኳ ያቅታታል።

«እባክሽ ሹራቡን ልበሺልኝ፣ የኔ እናት» ትላታለች በየማለዳው።

«ያሳክከኛል!» ብላ ትሮጣለች ናርዶስ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ክሩ ባንዴ ገባ። የአስካለ ገላ ሞቋል። «ልጄ አዘነችልኝ፣ ለበሰችው!» ብላ ሥራዋን ጥላ የልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ሄዳ ቆመች።

ናርዶስ በዚያው ስስ ሸሚዟ እየሮጠች ወጣች።

«ሹራብሽስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።» ልጅቷ አቀረቀረች። «ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ብርዱን የሚሸከምለትን ራሱ ይመርጣል አለኝ አባዬ። ጠዋት ቀበሌ ወስዶ አስቀየረልኝ። አሁን የምትሸከምልኝ እትዬ ሂሩት ናት።»

ሂሩት የአባቷ አዲሷ ሚስት ናት።

«እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«እሷ ልበሺ ብላ አትጨቀጭቀኝም።»

 አስካለ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጇ መቼ ጥላ ውስጥ እንደገባች፣ መቼ ፀሐይ እንዳገኘች በገዛ አጥንቷ ታውቅ ነበር። ካፖርቶቿን አውልቃ ነፋሱ ላይ ቆመች። በረዳት። ብርዱ ግን የራሷ ብቻ ነበር።