ትዕግሥተኛው ክንድ

ሰናይት ዛሬ ከሰው ክንድ ደም መቅዳት ካቃታት፣ ጓደኞቿ ለልምምድ ሆስፒታል ሲወጡ እሷ ኮሌጁ ውስጥ መቅረቷ ነው። መምህሯ ሲስተር ትርፌ «ከማታው ክፍል አንድ ተማሪ መድቤልሻለሁ፤ ላብራቶሪ ይጠብቅሻል» ብለዋታል።

ስትገባ አንድ ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋዋን እንኳን አልለበሰም። «የማታ ተማሪ መቼም!» አለች በሆዷ።

«ቀኝ እጅጌህን ሰብስብልኝ» አለችው። ሰበሰበ። ወጋችው፤ ደም ሥሩን ሳተችው። ደገመችው፤ አሁንም ሳተችው። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«አይዞሽ» አላት ወጣቱ ጥርሱን ነክሶ፣ «ምን ታደርጊ፣ ሥራሽ ነው።»

በሦስተኛው ደሙ ሲሪንጁን ሞላው። ሰናይት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ይሄኔ ሲስተር ትርፌ ጋዋን የለበሰ የማታ ተማሪ አስከትለው ገቡ። ሲሪንጁን አዩ፤ ወጣቱን አዩ።

«አንተ፣ ፍሪጁን ሠርተህ ጨረስክ እንዴ?»

«ኧረ ገና ፍተሻውን መጨረሴ ነው» አለ ወጣቱ፣ የካቻቢቴ ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር እየጎተተ። «በር ላይ ኪሴን፣ እዚህ ደግሞ ደሜን።»

ከዚያ ወደ ሰናይት ዞር ብሎ በትሕትና ለመናት፦

«ስወጣ ግን በግራው አድርጊልኝ።»