የባዝ ጉል ተራ

ነጋዴው ዘርዋሊ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን መካከል ወዳለው ቶርኻም ድንበር የመጣው ሰልፍ ውስጥ የቆመውን የራሱን የሮማን ጭነት በሌላ መንገድ ሊያዞር ነበር። ድንበሩ ሲዘጋና ሲከፈት ሰንብቷል። ሾፌሩ ባዝ ጉል ስልክ ማንሳት ቢያቆምም፣ መኪናውን የምታሳየው ነጥብ በራሱ ስልክ ላይ በየቀኑ ፈቀቅ ስትል እያየ ዘርዋሊ ተረጋግቶ ነበር፤ በሾፌሩ ስም የተመዘገበው የመኪናው መከታተያም መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መልእክት ይልክለታል። አሁን ጋቢናውን ሲከፍት ግን ወንበሩ ላይ ያለው ቆብ ብቻ ነው።

«ቀበርነው» አሉት ከኋላ የተሰለፉት ሽማግሌ ሾፌር፣ ወደ ኮረብታው በአገጫቸው እያሳዩ። «ልቡ ነው።»

«ታዲያ መኪናውን ማን ነዳው?»

«የሞተ ሾፌር ወንበር ላይ አርባው ሳይወጣ ማን ይቀመጣል? የፊተኛው መኪና በሰንሰለት ይጎትታል፤ የኔን ረዳቴ ይነዳል፤ እኔ በእግሬ እየሄድኩ መሪውን በመስኮት እይዛለሁ።»

«ምነው ብትነግሩኝ፣ አባባ?»

«ሐኪም ቤት ልሂድ ሲልህ፣ ተራህን እንዳትለቅ ያልከው አንተ አይደለህ? አልለቀቀም። ይኸው እየው።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሰንሰለቱ ተወጠረ። ሽማግሌው ዘወር አሉለት። ዘርዋሊ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ መሪውን ያዘ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። ሳያወጣውም የሰሞኑ መልእክት መሆኑን አወቀ፦ ባዝ ጉል ጉዞ ላይ ነው።