የተሳለችው መብራት

ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፤ የማትቆጩበት ታሪክ ነው። ደግሞም ትማሩበታላችሁ።

ባሮሳ ሸለቆ፣ የወይን ለቀማ ሰሞን። የሚብላላ ወይን የሚያወጣው ጋዝ አይታይም፤ ታንከር ሊያጥብ የገባን ሰው ሳይጮህ ይጥላል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የበራ ሻማ ያወርዳሉ። ሻማው ከጠፋ አይገቡም። የመጥመቂያው ባለቤት ኖርበርት ግን ዘመናዊ ነገር አማረው፦ ጋዝ ሲበዛ በር ላይ ቀይ የኤልኢዲ መብራት የሚያበራ መሣሪያ። ለዚህ ኔሪዳን ቀጠረ።

ጋዙን የሚለካው ሴንሰር ደረሰ። መብራቱ ገና መርከብ ላይ ነው።

ኔሪዳ አልጠበቀችም። ኮምፒውተሯ ላይ ክብ ሳለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ «ብራ!» ብሎ ያዛል እንጂ ታዛዡ ማን እንደሆነ አያውቅም። እውነተኛ መብራት ከሌለ ስክሪኑ ላይ ያለው ክብ ይቀላል። የጋዙን መጠን የሚነግረውን ቁጥርም ከየት እንዳገኘው አይጠይቅም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ መምረጫ አለች፦ ከሴንሰሩ ከሆነ «ታንከር ሰባት»፣ በእጅ ከተጻፈ «ኪቦርድ»።

ጠዋት የሴንሰሩን ገመድ በመስኮት አውጥታ ታንከር ሰባት ውስጥ ሰደደች።

የኖርበርት ልጅ ሩበን ታንከሩን ሊያጥብ የውሃ ጎማ ተሸክሞ ሲያልፍ በመስኮቱ አጮለቀ።

«እንግዲህ ይቺ ሥዕል ናት የምትጠብቀኝ? ሻማዬን ልጣለው?»

«ጣለው፣ አንተ ኋላ ቀር!»

ሳቀ። ሻማውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

ከሰዓት ኖርበርት መጣ። «ዛሬ ካልቀላ ነገ እንዳትመጪ። ሥዕል እንድትስዪ አይደለም ያመጣሁሽ።»

«ይቀላል፣ አለቃ። አሁን ያዩታል።»

ከፍ ያለ የውሸት ቁጥር ጻፈች። ክቡ ግራጫ። እጥፍ አደረገችው። ግራጫ።

«የልጅ ልጄ እንኳ ቀይ ከለር አላት» አለ ኖርበርት።

ኔሪዳ ሌላ ቁጥር ሞከረች። እንደገና ጻፈች። እንደገና።

ክቡ ቀላ።

ከወንበሯ ዘለለች። ኖርበርት ራሱ አጨበጨበ። «በይ እሺ፣ አሸነፍሽኝ! ሩበን የት ሄደ? ጥሩልኝ፣ መጥቶ ይየው!» ወይን ቀዳ፤ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል እጁ አንድ ነገር ነካ።

«ይሄ ሻማ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?»

ኔሪዳ የጻፈችውን ቁጥር አጠፋች። ክቡ አሁንም ቀይ ነው።

እናንተም ሞክሩት፤ ክብ መሳል ቀላል ነው። ብቻ ከማጨብጨባችሁ በፊት መምረጫዋ «ኪቦርድ» ላይ መሆኗን እዩ፤ የኔሪዳ ከጠዋት ጀምሮ «ታንከር ሰባት» ላይ ነበረች።