የትሮዉላኗ የሩዝ እመቤት

ሱቲየም፣ ሟቹ ባሏ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሲቆፍር ያገኛትን የሸክላ ምስል ሠላሳ ዓመት በጎተራዋ አናት አስቀምጣ ኖራለች። ደዊ ስሪ ናት፤ የሩዝ እመቤት። ቁመቷ ክንድ አይሞላም፣ አፍንጫዋ ተሸርፏል፣ በእጇ የሩዝ ዛላ ይዛለች። የትሮዉላን መንደር ሰው ሰላቱን ባያጓድልም፣ አጨዳ ሲደርስ ለእሷ አበባ ሳያኖር የሚያልፍ ጎረቤት አልነበረም።

አንድ ቀን ከሱራባያ ከተማ የመጣ ነጋዴ ምስሏን አየና ከልጇ ከዋጊሚን ጋር ሲንሾካሾክ ዋለ።

ሰውየው ሲሄድ፣ "እማዬ፣ አሮጌ ሸክላ አይደለች እንዴ?" አለ ዋጊሚን። "ሚስቴ ልትወልድ ነው፤ ጣራው ያፈሳል።"

"እኔ ሞቼ ካልሆነ በቀር ከዚህ ቤት አትወጣም!"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቲየም ከጎተራው ፊት ቆማ ጮኸች። የእመቤቲቱ ቦታ ባዶ ነበር።

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሱቲየም የልጇን አንገትጌ ያዘች።

"ምድር ዋጠቻት ልትለኝ ነው? የት አደረስካት?"

"ወላሂ አልነካኋትም!"

"ትናንት ሱራባያ አልነበርክም?" አለች አንዲት ጎረቤት።

"የቆርቆሮ ዋጋ ልጠይቅ ሄጄ ነው!"

"በባዶ ኪስህ?" አለችው። ሰው ሳቀ።

የመንደሩ ሹም ካርሶኖ ግን አልሳቀም። "ቅርስ መሸጥ ያሳስራል፣ ዋጊሚን። ተናገር፤ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ።" ስልኩን አወጣ።

ይሄኔ የዋጊሚን ሚስት ራትሚ ሆዷን ደግፋ ከኩሽና ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ባሏን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

"እኔ ነኝ" አለች። "ስጠርግ ወድቃ ተሰበረች። ፈርቼ ስብርባሪውን ወንዝ ጣልኩት።"



"አጨዳው ሳምንት ሳይቀረው!" አለ አንዱ ሽማግሌ። "መዘዙ ለሁላችንም ይተርፋል። ከመንደሩ ትውጣልን!"

ዋጊሚን በረጅሙ ተነፈሰ። ሚስቱን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ልብሷን ቋጥሮ ደጅ አኖረላት። "እናትሽ ቤት ሂጂ፤ ነገሩ እስኪበርድ።"

ራትሚ አማቷ እግር ስር ተንበረከከች። "እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ሱቲየም አፏን ከፈተች። ሰው ሁሉ ያያታል። መልሳ ዘጋችው።

ራትሚ ቋጠሮዋን አንስታ በጡብ ማቃጠያዎቹ መሃል ባለው መንገድ ሄደች። እስክትሰወር ድረስ ማንም አልተከተላትም።

ሱቲየም ክፍሏ ገብታ በሯን ቀረቀረች፤ ልጇ እንዳይሸጣት ብላ ትናንት በገዛ እጇ የሰፋችውን ፍራሽ ተረተረች፤ ደዊ ስሪም ጭረት ሳይነካት ከጥጡ መሃል ወጣች።