የውሳኔ ግልባጭ

የጥብቅና ፈቃድ ማመልከቻው ላይ «በወንጀል ተከሰው ያውቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብሎ በመጻፉ ይኸው ሦስት ወር ተንከራተተ።

«ማን አስለፈለፈዎት?» ብላው ነበር የፈቃድ ክፍሏ ሠራተኛ። «እንግዲህ ከጻፉት የውሳኔውን ግልባጭ ያምጡ።»

በአሥራ ስምንት ዓመቱ የቀበሌውን ሬዲዮ ሰርቆ ተይዟል። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዋስ ሆነው አስፈቱትና ከቀጠሮው በፊት አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሰደዱት። ከዚያ ስድስት ወር ድምፃቸው ጠፍቶ ቆየና «በማስጠንቀቂያ አልፈውሃል፤ አንተ ብቻ ተማር» የሚል ደብዳቤ ላኩለት።

አሁን ለአራተኛ ጊዜ የትውልድ ከተማው ፍርድ ቤት መጥቶ፣ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ዘፍ አለ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የአንድ ቀጭን ፋይል አቧራ እያራገፈ ወጣ።

«ጌታዬ፣ በከንቱ ደከሙ። በእርስዎ ላይ የተፈረደ ነገር የለም።»

«የሬዲዮውስ ክስ?»

«እሱማ አለ። ‹የሰረቅኩት እኔ ነኝ› ብለው ያመኑ ሰው ስድስት ወር ታስረውበታል።» ፋይሉን ገለጥ አድርጎ አየ። «አቶ አዝመራው ይባላሉ፤ አባትዎ መሰሉኝ። የእሳቸውን ግልባጭ ላውጣልዎት?»